«የተሻረ» የምትለው ቃል

ስፋክስ
እሑድ፣ ኖቬምበር 9 ቀን

ውድ ሉጥፊ፣

ሰላም ላንተ ይሁን። እዚያ ሙስካት ሙቀቱ ጋብ እንዳለልህ ተስፋ አደርጋለሁ። ከሁሉ በፊት፦ ልጃችን ኤምና ደህና ናት። ይህን ያስቀደምኩት ቀሪውን ስታነብ ልብህ ቀጥ እንዳይል ነው። አሁን ሳሎን ምንጣፉ ላይ በደረቷ ተኝታ ሥዕል ትሥላለች። እናትህ ደግሞ ወጥ ቤት ገብተው የድስቶቼን ቦታ እየቀያየሩብኝ ነው። አዎ፣ እናትህ እኔ ቤት ናቸው። ከማክሰኞ ጀምሮ።

ረቡዕ ስትደውል «ትንሽ አሟት ነበር፣ ተሽሏታል» ብዬህ ነበር። «ጉንፋን ነው?» አልክ፤ «እንደዚያ ነገር» አልኩህ፤ ፈረቃህ ደርሶ ዘጋኸው። ጉንፋን አልነበረም። ግን በስልክ የሚነገር አይደለም። እኔና አንተ ስልክ ላይ የቀረን ነገር ወይ ዝም መባባል ወይ መጣላት ነው። ስለዚህ ቁጭ ብዬ እየጻፍኩልህ ነው፤ ደብዳቤ መሀል ላይ አይቋረጥም።

የኤምና ሐኪም ሲ ሻዝሊ የሚያዘጋጁትን መመሪያ ታስታውሳለህ። የሚጥል በሽታ ያለባቸውን ልጆች የሚያክም ሐኪም ሁሉ፣ በአገሩ ሁሉ ከቢዜርት እስከ ታታዊን፣ ጠረጴዛው ላይ የሚያኖረው መጽሐፍ ይሆናል ተብሎ ነበር። የሕክምናውን ጉዳይ እሳቸውና ባልደረቦቻቸው ጻፉ፤ ዋቢዎቹን ማሰናዳት ግን የሕክምና ፋኩልቲው ቤተ መጻሕፍት፣ ማለትም የእኔ ድርሻ ሆነ። የእያንዳንዱን ጥናት ጸሐፊዎች፣ ርእሱን፣ የወጣበትን መጽሔት፣ ዓመቱን፣ ቅጹን፣ ገጹን እያልክ በእጅህ ስትጽፍ ውለህ ማታ ስታየው አንዱ ዓመት ተዛብቶ፣ አንዱ ስም ተዘልሎ ታገኘዋለህ። ለዚህ ነው ያችን የኮምፒውተር ስክሪፕት የጻፍኳት፤ አንተ «የሰነፍ ፈጠራ» ብለህ የሳቅክባትን። የጥናቱን አድራሻ ስሰጣት መጽሔቱ ድረ ገጽ ላይ ትገባለች፤ ከገጹ ጀርባ ለማሽን ተብሎ የተጻፈውን ዝርዝር ታነባለች፤ ለቅማም ወግ ባለው መልኩ ትደረድርልኛለች።

መጀመሪያ ላይ ጉድ ሠርታኛለች። አንዳንዱ መጽሔት ዝርዝሩን ሲያዝረከርክ እሷም ያገኘችውን ታፍሳለች። አንድ ጊዜ «መብቱ በሕግ የተጠበቀ» የሚለውን የጸሐፊ ስም አድርጋ ደረደረችው፤ ያውም በብዙ ጥናቶች ላይ። ሲ ሻዝሊ በዚህ ቀልድ ሰነበቱ። ኮሪደር ላይ ባገኙኝ ቁጥር፣ «ሄንዳ፣ እኚያ አቶ መብቱ እንዴት ናቸው? የማይጽፉበት መጽሔት የለምኮ! ፕሮፌሰር ሳይሆኑ አይቀሩም» ይሉኝ ነበር። እኔም አብሬ ስቄ፣ ገብቼ አስተካክላታለሁ።

ማክሰኞ ጠዋት ለመጨረሻ ጊዜ አስነሣኋት። መጽሐፉ በማግስቱ ማተሚያ ቤት ይገባል ተብሎ ስለነበር፣ ጨርሼ ልገላገል ብዬ ነው። ዝርዝሩን ወደ ታች ስወርድ አንዱ ርእስ ከሌሎቹ ረዝሞ ታየኝ። ከፊቱ አንዲት ቃል ተለጥፋበታለች። መጽሔቶቹ ርእስ ፊት «አዲስ»፣ «በነፃ የሚነበብ» እያሉ መለጠፍ ይወዳሉ፤ እንዲህ ያለውን ቆርጠሽ ጣይ የሚል ትእዛዝ ቀደም ብዬ ጽፌላታለሁ። ይችንም ልጨምርላት ጀመርኩ። ቃሏን ልገለብጥ ስል ነው ያነበብኳት።

«የተሻረ» ትላለች።

ገጹን ከፈትኩት። ከላይ ቀይ መስመር ተሰምሮበት፣ የመጽሔቱ አዘጋጆች ጥናቱን እንደሻሩት ተጽፏል። ምክንያቱ አጭር ነው። መድኃኒቱ በፍጥነት ተጨምሮላቸው «ጉበታቸው ምንም አልሆነም» የተባሉት ልጆች የደም ምርመራ በእርግጥ መደረጉን የሚያሳይ ነገር ተጠይቆ፣ አጥኚዎቹ ማቅረብ አልቻሉም። ይኸው ነው።

ይህ ጥናት በመመሪያው የትኛው ቦታ ላይ እንደተጠቀሰ ለማየት ተመለስኩ። የሽሮፑ፣ ማለትም ልጆቹ የሚወስዱት መድኃኒት፣ የመጠን ሠንጠረዥ ሥር ነው። የልጆቹ መድኃኒት በፍጥነት፣ በየሳምንቱ ከፍ ይበል የሚለው ምክር የቆመው እሱ ላይ ነው። ሌሎች ሁለት ጥናቶችም አሉ፤ ገልጬ ሳያቸው እነሱም የሚጠቅሱት ይህንኑ ነው።

እዚህ ላይ ነው ኤምና ትዝ ያለችኝ፣ ሉጥፊ። ሲ ሻዝሊ መመሪያው እስኪታተም አልጠበቁም፤ ከኦክቶበር ጀምረው የራሳቸውን ሕሙማን በአዲሱ መጠን ይዘዋል። ኤምናንም ጭምር። እሷ ደግሞ ትምህርት ቤት ተዘግቶ ከርከና ደሴት፣ እናትህ ዘንድ ናት። መጠኑ የሚጨመረው ያን ቀን ማታ ነበር። እናትህ እንዳይሳሳቱ ብዬ፣ መርፌ አልባው ሲሪንጅ ላይ እስከየት እንደሚሞሉ በእስክሪብቶ ያሰመርኩላቸው እኔው ነኝ። በዚያ ላይ ጠዋት ስደውል ምን አሉኝ መሰለህ? «ልጅቷ እንቅልፍ አበዛች፤ የባሕሩ አየር ነው። ትናንትም አስመለሳት፤ ያ ወኒስ ያመጣው ኦክቶፐስ ከብዷት ነው።» እኔም «እሺ እማማ፣ ሾርባ ይስጧት» ብዬ ዘጋሁ።

ሲ ሻዝሊ ቢሮ የገባሁት ሳላንኳኳ ነው።

«አንድ ዋቢ ላይ ችግር አለ።»

«አቶ መብቱ ደግሞ ጻፉ?» አሉ እየሳቁ።

ላፕቶፑን ፊታቸው አስቀመጥኩት። ቃሉን አዩትና በእጃቸው ገፋ አደረጉት። «ፕሮግራምሽ ነው የተሳሳተው። ይህን ጥናት ከዳር እስከ ዳር አንብቤዋለሁ። የጻፈውን ሰው አውቀዋለሁኮ፤ ቱኒስ መጥቶ አብረን ምሳ በልተናል።»

«ፕሮግራሙን ይተዉት፤ ገጹን ይዩት።»

ሳያዩት ተነሥተው ከመደርደሪያቸው የታተመውን ቅጂ አወጡ። በቢጫ ቀለም የቀባቡት፣ ጥጋጥጉ ላይ የጻፉበት። «ይኸው! የት አለ የተሻረ የሚል?»

«እርስዎ ያወረዱት ከመሻሩ በፊት ነው ሲ ሻዝሊ። ወረቀቱ ከዚያ ወዲህ የሆነውን አያውቅም።»

ያን ጊዜ ተቀምጠው አነበቡ። ደግመው አነበቡ። መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጠርዝ ጠረጉና ሳያደርጉት ያዙት። እኔ መጠበቅ አልቻልኩም።

«ኤምና ዛሬ ማታ ይጨመርላታል። እንቅልፍ አብዝታለች፤ አስመልሷታል።»

ፊታቸው ሲለወጥ አየሁት። «ስንት ጊዜ? ከመቼ ጀምሮ? የዓይኗ ነጭ ቢጫ ሆኗል?»

«እኔ ምን አውቄ! ከርከና ናት!»

«ስሚኝ። ሙሉ በሙሉ አታቁሙባት፤ ድንገት ከቆመ ይጥላታል፤ ከተጨመረ ደግሞ...» አልጨረሱትም። «የድሮውን መጠን ብቻ ይስጧት። እናም ዛሬውኑ እዚህ ትምጣ። ዛሬ፣ ሄንዳ።»

ደወልኩ፤ እናትህ አያነሡም። ታውቃቸዋለህ፣ «ጨረሩ ልጅቷን ይጎዳል» እያሉ ስልኩን በሻርፕ ጠቅልለው ቁም ሣጥን ውስጥ ይቆልፉበታል። ደግሜ ደጋግሜ ደወልኩ። ጥሪው እዚያ ጨለማ ውስጥ፣ ልብስ መሀል ሲጮህ እየታየኝ። በመጨረሻ ለአጎትህ ልጅ ለወኒስ ደወልኩ። እዚያው ደሴቱ ላይ፣ ሜሊታ ዳርቻ መረብ ሲጠግን ነው ያገኘሁት። ነፋሱ ስልኩ ውስጥ ያፏጫል።

«ወኒስ፣ ሩጥ፤ እማማ ላላ ሞንጂያ ቤት ሂድ፤ ሽሮፑን እንዳይሰጧት በላቸው!»

«ምን ሆነሽ ነው? ማን ሞተ?»

«ሩጥ አልኩህ!»

መሮጡን ሰማሁት፤ ስልኩን ሳይዘጋ ነው የሮጠው። ጫማው ጠጠሩን ሲረግጥ፣ ውሻ ሲጮህበት፣ በር ሲደበድብ። ከዚያ የእናትህ ድምፅ መጣ።

«ሰጠኋት ልጄ፤ ምነው? ምሳዋን እንደበላች ሰጠኋት። ቶሎ ይሻላታል ብዬ ነው ማታ ያልጠበቅኩት።»

«ይቀስቅሷት።»

እናትህ ወደ ልጅቷ ሄዱ። ሲ ሻዝሊ ጆሯቸውን ወደ ስልኩ አስጠግተው አጠገቤ ቆመዋል። እናትህ ተመለሱ፤ ድምፃቸው የሌላ ሰው ነበር። «ስጠራት ዓይኗን ትገልጣለች፤ መልሳ ትሄድብኛለች። ሄንዳ፣ ልጅቷ አትቀመጥልኝም።»

ጮህኩባቸው። ልደብቅህ አልፈልግም። «ማን ቀድመሽ ስጪ አለሽ! አንቺ ሴትዮ፣ ማን አለሽ!» አልኩ። እናትህን አንቺ አልኳቸው።

እሳቸውም አልተኙልኝም። «አንቺ ነሽ ያሰመርሽው! እኔ መስመርሽን ነው የሞላሁት! አላህ ይመስክር፣ ከመስመሩ ጠብታ አላሳለፍኩም!» ብለው ጮኹብኝ። እውነታቸውን ነው። መስመሩ የእኔ ነው፤ እኔ ከሲ ሻዝሊ ወሰድኩት፤ ሲ ሻዝሊ ከወዳጃቸው ጥናት ወሰዱት። ወዳጃቸው ከየት እንዳመጣው አላህ ይወቅ።

ማሻገሪያው መርከብ በነፋሱ ምክንያት ከጠዋት ጀምሮ ቆሟል። ደሴቱ ላይ ያለችው ሐኪም ልጅቷን አይታ ጉሉኮስ ሰቀለችላት፤ ግን የሚያስፈልጋት የደም ምርመራ የሚሠራው እዚህ ነው፤ የባሕር ጠባቂዎቹም ጀልባ ሌላ ጥሪ ላይ ወጥታለች። ወኒስ ይህን ሁሉ ከነገረኝ በኋላ፣ «መርከቡ ነው የቆመው፤ እኔ መች ቆምኩ?» አለኝ።

«ነፋሱስ?»

«ነፋሱን እኔ አውቀዋለሁ፤ አሳዳጊ የበደለው ነው። አንቺ ወደቡ ላይ መኪና ይዘሽ ጠብቂን።»

«ማን ይይዛታል አንተ ስትነዳ?»

መልሱን ሳይሆን ከኋላ የእናትህን ድምፅ ነው የሰማሁት። «እኔ ነኛ! ሌላ ማን ሊይዛት ነው?»

ሉጥፊ፣ አባትህን ባሕር ከወሰደ ወዲህ እናትህ ትንሽ ጀልባ ላይ እግራቸውን አንሥተው እንደማያውቁ አንተ ከኔ በላይ ታውቃለህ። ትልቁን መርከብ እንኳ ዓይናቸውን ጨፍነው ነው የሚሻገሩት። ወኒስ እንደነገረኝ፣ ዳርቻው ላይ ሲደርሱ አንዴ ብቻ ቆም ብለው ውኃውን «ያንን ወስደሃል፤ ይበቃሃል» አሉት። ከዚያ ገቡ።

ወደቡ ድረስ ሲ ሻዝሊ አብረውኝ መጡ። አልጠየቅኳቸውም። ነፋሱ ነጭ ካፖርታቸውን ያራግበዋል፤ እሳቸው ጀርባቸውን ለባሕሩ ሰጥተው ስልክ ይደውላሉ። የልጆቹን ስም ከነእናቶቻቸው በቃላቸው ነው የሚያውቁት። «ሻዝሊ ነኝ። አይደንግጡ። ከዛሬ ጀምሮ ሽሮፑን ወደ ቀድሞው ይመልሱልኝ። አይ፣ እርስዎ አላጠፉም። የእኔ ስሕተት ነው። ነገ ጠዋት ልጁን ይዘው ይምጡ፣ ደሙን እናየዋለን።» ይዘጉና ሌላውን ይደውላሉ። «የእኔ ስሕተት ነው» የምትለዋን አንዱም ጋ አልዘለሏትም። ልጠላቸው ፈልጌ ነበር፤ እውነቱን ልንገርህ፣ ዝግጁ ነበርኩ። ግን ጎናቸው ቆመህ ይህንን እየሰማህ መጥላት ይከብዳል።

አንደኛዋ እናት ላይ ሲደርሱ ማዳመጥ ብቻ ሆነ። ከዚያ «አሁኑኑ፣ ታክሲ ያዢ፤ ለድንገተኛ ክፍሉ እኔ እደውልላቸዋለሁ» አሉና መርከብ የሚታሰርበት ብረት ላይ ቁጭ አሉ። የግረምዳ ሰፈሩ ሕፃን ሩሽዲ ነው። አራት ዓመቱ ነው። ከጠዋት ጀምሮ አልነቃም።

ማዕበሉ ግድግዳውን እየመታ ውኃ ይረጨናል።

«መጽሐፉን ያስቆሙታል?» አልኳቸው።

«አስቁሜዋለሁ።»

«መቼ?»

«አንቺ መኪናሽን ስታስነሺ።» ስልካቸውን እያዩ፣ «ለሰውየውም ደወልኩለት፤ ምሳ ለበላሁት። አያነሣም» አሉ።

እዚህ ጋ ያለው ባሕር ጥልቅ አይደለም፤ ሰው ይንቀዋል፤ ግን ቂመኛ ነው፤ አጭር አጭር ማዕበል እየላከ ከአራቱም ወገን ይመታል። ጀልባዋን መጀመሪያ ሳያት ጀልባ አልመሰለችኝም። ብቅ ትላለች፣ ትጠፋለች። በጠፋች ቁጥር ተመልሳ እስክትወጣ ድረስ አልተነፈስኩም። አንድ ጊዜ በጣም ቆየች። ሲ ሻዝሊ ክንዴን ያዙኝ፤ የያዙኝ እኔን ለመደገፍ ይሁን እሳቸው እንዳይወድቁ እስካሁን አላውቅም። ከዚያ ወጣች፤ ወኒስ ቆሞ ሲነዳ ታየኝ፤ ከእግሩ ሥር ደግሞ ጥቁር ጥቅልል ነገር። እናትህ ናቸው። የአባትህን በርኖስ ለብሰው፣ ኤምናን ከውስጥ አድርገው፣ ጀልባው ወለል ላይ ተኮራምተው። ሁለት እጃቸውን ልጅቷ ላይ ስላቆላለፉ ራሳቸው የያዙት ምንም ነገር አልነበረም። ወኒስ በገመድ ከምሰሶው ጋር አስሯቸዋል።

ከእጃቸው ልቀበል ስል ጣታቸው አልላቀቅ አለኝ። «እማማ፣ እኔ ነኝ፤ ይልቀቋት» አልኩ። ያን ጊዜ ነው ያዩኝ። ኤምና ዓይኗን ገለጠች። ከንፈሯ ደርቆ፣ ድምፅዋ እንደ ክር ቀጥኖ፣ «ማማ፣ ወኒስ ተሳደበ» አለችኝ።

«ማንን ነው የሰደበው የኔ እመቤት?»

«ነፋሱን።» መልሳ ተኛች።

የደሙ ውጤት ሲመጣ ጉበቷ ተጎድቷል፤ ግን ከሚመለስበት አላለፈም። ሽሮፑን ቀንሰው ሌላ መድኃኒት ጀመሩላት። በለውጡ መሀል ረቡዕ ጠዋት ጣላት፤ ከበፊቱ የበረታ ነበር፤ አንተ ከሰዓት በኋላ ስትደውል ገና ከአልጋዋ አጠገብ አልተነሣሁም ነበር። «ጉንፋን ነው?» ያልከኝ ያን ጊዜ ነው። ሐሙስ በራሷ ተቀመጠች፤ ዓርብ የሆስፒታሉን ሩዝ «ይሄ ሙጫ ነው» ብላ መለሰች፤ ያን ጊዜ ሲ ሻዝሊ ሳቁ፤ ከማክሰኞ ወዲህ ሲስቁ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። ትናንት ወደ ቤት ገባን። ሩሽዲ ግን ገና ጽኑ ሕሙማን ክፍል ነው። እናቱ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጣ ስታየኝ ልጄን በእጄ ይዤ መውጣቴን ደብቄ ማለፍ አማረኝ። ዱዓ አድርግለት።

ሲ ሻዝሊ ሐሙስ ለት የፋኩልቲውን ሐኪሞች ሰብስበው፣ የሆነውን በራሳቸው አፍ ነገሯቸው። አንድ ሰው ተነሥቶ «ያንን ጥናት ሁላችንም ጠቅሰነዋልኮ» ሲል፣ «ለዚህ ነው ሁላችሁንም የጠራኋችሁ» አሉት። እኔም ስክሪፕቷ ላይ አንድ ትእዛዝ ጨመርኩ፤ ያችን ቃል ካገኘች ሥራውን ሁሉ አቁማ እንድትጮህ። አሁን የእኛን ብቻ ሳይሆን የሌሎቹን ክፍሎች ዋቢዎችም እየፈተሸች ነው። አንድ ሌላ አግኝታለች። የልብ ክፍል ነው።

እናትህ «ለሉጥፊ አትንገሪው፤ ሰው አገር ብቻውን ሆኖ ምን ያደርጋል» ብለውኛል። በዚያ ቀን ስለተባባልነው ነገር አልተነጋገርንም። ግን ትናንት ማታ ኤምና መሀላችን ተኛች፤ እሳቸው ባንተ በኩል። ልጅቷ በተገላበጠች ቁጥር ሁለታችንም እኩል እንነቃ ነበር፤ ጨለማው ውስጥ «ደህና ናት?» ይሉኛል፤ «ደህና ናት እማማ» እላለሁ። ወኒስ በማግስቱ ነፋሱ ሲቆም ተመልሷል። ሲሄድ «ሉጥፊስ?» አለኝ። «ሥራ ላይ ነው» አልኩት። ገመዱን ይፈታ ጀመር።

በሚመጣው ሐሙስ ጠዋት ኤምና ደሟ እንደገና ይታያል። ሲ ሻዝሊ አንድ ወላጅ ካለ በቂ ነው ብለዋል፤ እኔ ደግሞ አለሁ። ስለዚህ ናልኝ ለማለት አይደለም ይህን ሁሉ የጻፍኩት፤ ሥራህን አውቃለሁ፤ ፈቃድ እንዴት እንደሚሰጧችሁም ነግረኸኛል። ብቻ ረቡዕ ከሙስካት የሚነሣው አውሮፕላን በዶሃ አድርጎ ቱኒስ ከሰዓት በኋላ እንደሚገባ፣ ከዚያም ወደ ስፋክስ የሚመጣ የመጨረሻ ባቡር እንዳለ አይቻለሁ። እንዲሁ ነው ያየሁት።

አላህ ካለህበት ይጠብቅህ፤ እጅህን ከማሽኑ፣ ልብህን ከብቸኝነት ይሰውርልህ። እናትህ «ሹራብ ይልበስ በይው» ብለዋል፤ ሙስካት እንደማይበርድ ብነግራቸውም አልሰሙኝም። ኤምና ትስምሃለች።

ያንተው
ሄንዳ